መንገድ የጠፋበት እንግዳ በከተማ

በኢትዮጵያ ገጠር መንገድ ማሳየት ራሱን የቻለ ወግ ነው። ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ የሆነ መንገደኛ ከእርሻ ዳር ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ፤ ወደ እከሌ መንደር የሚወስደው መንገድ በየት በኩል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ በመጀመሪያ ሰላምታውን ይመልሳል። ከዚያም መንገደኛው ከየት እንደመጣ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ውሃ ጠምቶትም እንደሆነ ይጠይቀዋል። መንገዱን የሚያመለክተው በጣቱ ብቻ አይደለም፤ «ያችን ዋርካ በቀኝህ ትተህ፣ ወንዙን ተሻግረህ ዳገቱን ስትጨርስ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታይሃል» እያለ ምልክቱን ተራ በተራ ይነግረዋል። መንገዱ የሚያሳስት ከሆነም ከልጆቹ አንዱን ጠርቶ እስከ መገንጠያው ድረስ ያሸኘዋል። ቀኑ ከመሸ ደግሞ መንገደኛው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ ሲቆም «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ በሩ ይከፈትለታል።

ይኸው መንገደኛ አዲስ አበባን ከመሰለ ሰፊ ከተማ ሲገባ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጥበታል። ዋርካው በሕንፃ፣ ወንዙ በድልድይ፣ ዳገቱ በአውራ ጎዳና ተተክቷል። በዙሪያው የሚተላለፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ቢሆንም፣ ቆሞ የሚያነጋግረው ሰው ያጣል። ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ መኪናው ሁሉ ይጮኻል፤ ጥሪው ሁሉ የማያውቀው ስም ነው። በሺህ ሰዎች መካከል ሆኖ ብቸኛ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ በከተማ የሕዝብ ማመላለሻ መንገድ የጠፋበትን እንግዳ መርዳት ማለት ያንን የጥንት ወግ ከአዲሱ ኑሮ ጋር ማስማማት ማለት ነው። ይህም ቅን ልብን ብቻ ሳይሆን ዕውቀትንም ይጠይቃል። ከቅንነት የመነጨ የተሳሳተ ምሪት ከዝምታ የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለና።

የከተማ መንገድ ለምን ያሳስታል?

እንግዳ በከተማ የሚጠፋው ማስተዋል አንሶት አይደለም። በጨለማ ከብቱን ፈልጎ የሚያገኝ፣ በጭጋግ ውስጥ እንኳ መንገዱን የማይስት ሰው፣ በአንድ አደባባይ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ይታያል። ምክንያቱም ከተማው ለነዋሪው እንጂ ለእንግዳው በማይገለጥ ቋንቋ ስለሚናገር ነው።

የመጀመሪያው ችግር የቦታ ስም ነው። የከተማ ነዋሪ የሰፈርን ስም ሲጠራ ስለ ትርጉሙ አያስብም፤ እንግዳው ግን የሰማውን ስም በዓይኑ ይፈልገዋል። «ጎተራ» ሲሉት እህል የሚከማችበትን ጎተራ፣ «ሳር ቤት» ሲሉት የሣር ክዳን ያለውን ቤት ይፈልጋል። ከስሞቹም መካከል ከውጭ ቋንቋ የተወረሱ ብዙዎች ናቸው። «ፒያሳ» በጣሊያንኛ አደባባይ፣ «መርካቶ» ደግሞ ገበያ ማለት ነው። «ካዛንችስ» የሚለው ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች መጠሪያ ነው። «ለገሃር» የተባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው የባቡር ጣቢያ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን፣ ከጂቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የጣቢያው ስም የሰፈሩ ስም ሆኖ ቀርቷል። «ሃያ ሁለት» የተባለው ሰፈር ደግሞ የተሰየመው ቁጥር 22 አውቶቡስ ዞሮ ይመለስበት ከነበረው ማዞሪያ እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው «ሃያ ሁለት ውረድ» ማለት ሃያ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ውረድ ማለት ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የስም መመሳሰል ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ በቅድስት ማርያም፣ በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የታነፁ አብያተ ክርስቲያናት በርካታ ስለሆኑ፣ «ሚካኤል ጋ ውረዱ» የሚለው ምሪት ብቻውን መንገድ አያሳይም። እንዲሁም በአንድ ሰው ስም የተሰየሙ አደባባይ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በተለያየ ሰፈር ይገኛሉ።

ሦስተኛው ችግር ምልክቱ ጠፍቶ ስሙ ብቻ መቅረቱ ነው። ከተማ ያድጋል፤ ሲያድግም ያፈርሳል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንችስ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ክፍል ለልማት ሥራ ፈርሷል። ነዋሪው ግን በልማድ «ከድሮው ሲኒማ ቤት አጠገብ» ወይም «ከፈረሰው ሱቅ ፊት ለፊት» እያለ ይመራል። የፈረሰውን ሱቅ ያላየ ሰው ፊቱ በየት በኩል እንደነበረ ሊያውቅ አይችልም። አሥር ዓመት ከከተማው ርቆ የተመለሰ ተወላጅ እንኳ በገዛ ሰፈሩ መንገድ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ማመላለሻውና ልማዱ

እንግዳን የሚያደናግረው ቦታው ብቻ ሳይሆን ማመላለሻውም ነው። እያንዳንዱ ማመላለሻ የራሱ ልማድ አለው፤ ይህንንም ልማድ በጽሑፍ የሚያስረዳ ሰሌዳ በየቦታው አይገኝም።

የከተማ አውቶቡስ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። በዚህ ረገድ ቁጥሩን ማንበብ ለሚችል ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ቁጥር ያለው አውቶቡስ በሄደበት መንገድ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ በትክክለኛው ቁጥር በተሳሳተው አቅጣጫ መሳፈር ይቻላል። ስለሆነም ለእንግዳ ቁጥሩን ብቻ ነግሮ መተው በቂ አይደለም፤ ከመንገዱ በየትኛው ወገን ቆሞ መጠበቅ እንዳለበትም መንገር ያስፈልጋል።

ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት አነስተኛ ታክሲዎች ደግሞ የሚታወቁት በረዳቱ ድምፅ ነው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ የመድረሻውን ስም ያለ ዕረፍት ይጠራል። ከጣራው ላይ የሚሰቀለው ታፔላም የሚሄድበትን ያመለክታል። እንግዳው ግን ጥሪው ስለሚፈጥንበት ቃሉን ከቃል ለይቶ መስማት ያቅተዋል። ከገባ በኋላም ሌላ ችግር አለ። ታክሲው መንገደኛው «ወራጅ አለ» ካላለ በየፌርማታው ላይቆም ይችላል። ይህን ልማድ የማያውቅ ሰው፣ ሲደርስ የሚነግረው እየመሰለው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቦታውንም አልፎት ይሄዳል። ብዙ ሕዝብ በሚሰለፍበት ቦታ ደግሞ ሰልፉ የየት እንደሆነ ሳይጠይቅ ከሰው ኋላ የቆመ እንግዳ፣ ከረጅም ጥበቃ በኋላ ሰልፉ የእሱ አለመሆኑን የሚረዳው ከበሩ ሲደርስ ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አገልግሎት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሲዘረጋ ሁለት መስመሮችና 39 ጣቢያዎች የነበሩት ሲሆን፣ ርዝመቱ በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው መስመር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከደቡብ ወደ ሰሜን ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የተሠራ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው መካከለኛ ክፍል በአንድ ሐዲድ ላይ ይገናኛሉ። ከዚህ የጋራ ክፍል የሚሳፈር ሰው መጀመሪያ በመጣው ባቡር ቢገባ፣ ልደታን ካለፈ በኋላ ወደ ጦር ኃይሎች እሄዳለሁ ሲል ወደ መርካቶ ሊወሰድ ይችላል። የከተማው ሰው ይህን አንድ ጊዜ ተሳስቶ ይማረዋል፤ ለእንግዳው ግን ያች አንድ ጊዜ ውድ ናት።

በዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ይታከልበታል። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ «አውቶቡሱ በሁለት ሰዓት ይነሣል» ቢባል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን ካላወቀ ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ ሰዓቱን ከእጅ ሰዓት ላይ በጣት ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

አንድ ምሳሌ

የመልካም ምሪትንና የግዴለሽ ምሪትን ልዩነት ለማየት የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል።

ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ከገጠር ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ እንበል። የሚሄዱት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ የቀጠሮ ወረቀታቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ቀጠሮው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከመናኸሪያው እንደወጡ አንድ ወጣት አግኝተው፣ «ልጄ፣ ምኒልክ በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

ወጣቱም ሳይቆም «ፒያሳ ነዋ እማማ፤ ያውና፣ በዚያ ታክሲ ይሂዱ» ብሏቸው አለፈ። አሮጊቷ መርቀውት ተሳፈሩ። ፒያሳ ወርደው ቢጠይቁም «ምኒልክ ይኸውልዎት» ተብለው ከአደባባዩ መካከል በፈረስ ላይ ያለውን የንጉሠ ነገሥቱን ሐውልት አሳዩአቸው። ሆስፒታል የሚመስል ነገር ግን አልነበረም። ወዲያ ወዲህ ሲሉ ረፈደ፤ እግራቸውም ደከመ፤ በመጨረሻ ከመንገድ ዳር ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ ከትምህርት ቤት የምትመለስ አንዲት ልጅ አየቻቸው። ጠጋ ብላ በሰላምታ እጅ ከነሣች በኋላ «እማማ፣ ወዴት ሊሄዱ ነበር?» አለቻቸው።

«ምኒልክ ነበር ልጄ። ምኒልክ ይኸው ይሉኛል፤ እኔ ግን አላየሁትም።»

«ከምኒልክ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ዓይኔን ልታይ ነዋ!»

«ወረቀት ሰጥተውዎታል?»

አሮጊቷ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ልጅቱ ወረቀቱን አንብባ መድረሻቸው አደባባዩ ሳይሆን ሆስፒታሉ መሆኑን ተረዳች። አራት ኪሎ ድረስ በአንድ ታክሲ ሄደው ከዚያ በቀበና በኩል የሚሄድ ሌላ ታክሲ መያዝ እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ከሰልፉ ውስጥ ወደዚያው የሚሄዱ አንዲት ሴት ፈልጋ «እትዬ፣ እኒህን እናት ከሆስፒታሉ በር ያድርሱልኝ» ብላ አደራ ሰጠች። አሮጊቷ ደረሱ፤ ነገር ግን ሦስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የዕለቱ ተራ አልፎ ለሌላ ቀን ቢቀጠሩ፣ ማንንም በማያውቁበት ከተማ ማደሪያ መፈለግ፣ ለመመለሻ የያዙትን ገንዘብም ለማደሪያ ማዋል ሊኖርባቸው ነው።

የመጀመሪያው ወጣት አልዋሸም። ምኒልክ አደባባይ በእርግጥ ፒያሳ ነው። አሮጊቷን ሊጎዳቸውም አላሰበም። ጥፋቱ የጠየቁትን መለሰ እንጂ የፈለጉትን አለመጠየቁ ነው። የአራዳውን አደባባይ፣ በአራት ኪሎ ያለውን ትምህርት ቤትና በቀበና በኩል የሚገኘውን ሆስፒታል የከተማ ሰው ሁሉ በአጭሩ «ምኒልክ» ይላቸዋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ያች አንድ ጥያቄ ስላልተጠየቀች አንድ ቀን፣ ምናልባትም አንድ ቀጠሮ ጠፋ።

መርዳት እንዴት ይገባል?

ከዚህ ምሳሌ በመነሣት መንገድ የጠፋበትን ሰው በሚገባ ለመርዳት የሚያስፈልጉትን ነገሮች በቅደም ተከተል ማየት ይቻላል።

አንደኛ፣ ማስተዋል ነው። ብዙ እንግዳ መጥፋቱን ለመናገር ያፍራል። መጥፋቱ ግን በሁኔታው ይታወቃል፤ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ የሚያልፈውን ታክሲ ሁሉ ለማስቆም እጁን ዘርግቶ መልሶ ያጥፈዋል፤ የተጣጠፈ ወረቀት ከኪሱ እያወጣ ያያል። እንዲህ ያለውን ሰው ቀርቦ ማነጋገር ይገባል። አነጋገሩም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ መሆን አለበት። ሽማግሌውን «አባባ»፣ አሮጊቷን «እማማ»፣ ጎልማሳውን «ጋሼ»፣ እኩያን «ወንድሜ» ወይም «እኅቴ» ብሎ መጀመር የእንግዳውን ፍርሃት ያርቃል። «ጠፍተዋል እንዴ?» ከማለት ይልቅ «ወዴት ሊሄዱ ነው?» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ያሳፍራል፣ ሁለተኛው ያቀርባል።

ሁለተኛ፣ የቦታውን ስም ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትን ጉዳይ መጠየቅ ነው። ጉዳዩ ሲታወቅ ቦታው ይለያል። በጽሑፍ የያዘው አድራሻ ወይም የሚያውቀው የስልክ ቁጥር ካለም፣ ወደሚሄድበት ሰው ራሱ እንዲደውል ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ማረጋገጫ ነው።

ሦስተኛ፣ የማያውቁትን አላውቅም ማለት ነው። እንግዳን ባዶ እጁን መመለስ ነውር መስሏቸው በግምት የሚመሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን «ይመስለኛል» ብሎ አንድን ሰው ወደ ማያውቀው ዳርቻ መላክ እንጂ «አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» ማለት ነውር አይደለም። ተራ አስከባሪው፣ ረዳቱ፣ የትራፊክ ፖሊሱና ሱቅ ጠባቂው ከአላፊ አግዳሚው ይልቅ አካባቢውን ያውቃሉ።

አራተኛ፣ ምሪቱን አሳጥሮ በቅደም ተከተል መንገር ነው። እንግዳ ማወቅ የሚያስፈልገው አራት ነገር ነው፤ በምን እንደሚሳፈር፣ ከየትኛው ወገን እንደሚሳፈር፣ የት እንደሚወርድ፣ ሲወርድ ምን እንደሚያይ። ከዚህም ጋር አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት መጨመር ብልህነት ነው። «እንዲህ ያለ ድልድይ ካዩ አልፈውታልና ይውረዱ» የተባለ ሰው ቢያልፍ እንኳ ብዙ ሳይርቅ ይመለሳል። ምልክቱም ዛሬ ቆሞ የሚታይ እንጂ ቀድሞ የነበረ መሆን የለበትም። የጉዞውን ዋጋ አስቀድሞ መንገርም ከአላግባብ ክፍያ ያድነዋል። በጋራ የሚሄደውን ታክሲና ለብቻ የሚያዘውን ኮንትራት ባለመለየት ብቻ የወር ቀለቡን ለአንድ ጉዞ የሚከፍል እንግዳ አለ።

አምስተኛ፣ መልሶ ማስነገር ነው። እንግዳ ባይገባውም ከአክብሮት የተነሣ «እሺ፣ ገብቶኛል» ይላል። «እስኪ መጀመሪያ የት ይወርዳሉ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ያልገባውን ያወጣዋል። ሁለት ሦስቱን ስም በወረቀት ጽፎ መስጠትም ጥሩ ነው፤ እንግዳው ማንበብ ባይችል እንኳ ለሌላ ሰው ያሳየዋል።

ስድስተኛ፣ ማቀባበል ነው። በገጠር አንዱ እስከ ወንዙ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ እንደሚሸኘው ሁሉ፣ በከተማም ረጂው እስከ መጨረሻው መሄድ ባይችል ለሚቀጥለው ሰው አደራ ማስተላለፍ ይችላል። ለረዳቱ «እኒህን አባት እከሌ ቦታ ሲደርሱ አውርድልኝ» ማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አደራው ሌሎች ተሳፋሪዎች እየሰሙ ቢነገር ደግሞ ረዳቱ ቢረሳ የሚያስታውሰው አይጠፋም።

አማርኛ ለማይችል እንግዳ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ ቋንቋው የሚያነጋግረው ሰው ከሕዝቡ መካከል መፈለግ ይገባል፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ በአማርኛ መደጋገም ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም። መስማት ለተሳነው ሰው መጻፍ ይጠቅማል። ዓይነ ስውሩን ደግሞ በበትሩ ወይም በልብሱ መጎተት አይገባም፤ ፈቃዱን ጠይቆ ክንድን ማስያዝ፣ ደረጃና ቦይ ሲደርስም አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

የሥዕልና የካርታ እገዛ

እንግዳን መርዳት የግለሰብ ቅንነት ብቻ ሳይሆን የከተማ አስተዳደርም ሥራ ነው። ለዚህ ሁለት የውጭ አገር ምሳሌዎች ይጠቀሳሉ።

በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች እየበዙ ሲሄዱ በትክክለኛ ርቀታቸው የተሣሉት ካርታዎች ለማንበብ አስቸጋሪ ሆኑ። ሃሪ ቤክ የተባለ ነዳፊ መስመሮቹን ሁሉ ቀጥ ባሉና ሰያፍ በሆኑ መስመሮች ብቻ ሣላቸው፤ ካርታውም በ1933 እ.ኤ.አ. ታተመ። በቤክ ካርታ ላይ ርቀቱ ትክክል አይደለም። ነገር ግን መንገደኛው ከምድር በታች ሆኖ ማወቅ የሚፈልገው ርቀቱን ሳይሆን የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተልና ባቡር የሚለውጥበትን ቦታ መሆኑን ነዳፊው ተረድቶ ነበር። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የመልካም ምሪት ሥርዓት ጋር አንድ ነው፤ የሚያስፈልገውን መንገር፣ የማያስፈልገውን መተው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኢትዮጵያ ጋር የሚዛመድ ነው። በሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራውን የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ሌላ የራሱ ሥዕላዊ ምልክት ተሰጥቶታል። በዚህ ምክንያት ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ሆነ የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ የሚወርድበትን ጣቢያ በሥዕሉ ይለየዋል። ከጣቢያዎቹ አንዱ «ኢትዮጵያ» ይባላል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመውም ለዚህ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሩቅ ከተማ መንገድ ቢጠፋበት፣ ከማያውቀው ጽሑፍ መካከል የሚያውቀውን አንበሳ አይቶ ልቡ ሊጽናና ይችላል። የምልክት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሰውየውን ባይተዋር ከመሆን ያወጣዋል።

ይሁንና ካርታም ሆነ ሥዕል የሰውን ምሪት ፈጽሞ አይተካም። ዛሬ መንገድ የሚያሳይ የእጅ ስልክ የያዘ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ባትሪው ሲያልቅ፣ ወይም ታክሲው በግንባታ ምክንያት መንገዱን ሲቀይር፣ የመጨረሻው መፍትሔ ያው ሰውን መጠየቅ ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንደሚባለው።

ጥንቃቄ

እንግዳ መርዳት ጥንቃቄም ያሻዋል። በመናኸሪያ አካባቢ እንግዳን የሚጠብቀው ሁሉ ለመልካም አይጠብቀውም። በተለይ ከገጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ ልጃገረዶች፣ «ሥራ አስገባሻለሁ፤ ማደሪያም አለኝ» በሚሉ አታላይ ደላሎች እጅ ሊወድቁ ይችላሉ። በዚህች ሰዓት አንድ ቅን ሰው ቀድሞ ቢደርስ የአንዲትን ልጅ ዕድል ይለውጣል። ሆኖም ልጅቱ ቅኑን ከአታላዩ በምን ትለየዋለች? ስለዚህ ረጂው ራሱ የሚታመን አካሄድ መያዝ አለበት። የእንግዳውን ዕቃና ገንዘብ በእጁ አይያዝ፤ ምሪቱን በግልጽ ቦታ ሌላ ሰው እየሰማ ይስጥ፤ ወደ ሰዋራ መንገድ ወይም ወደ ቤቱ ልውሰድ አይበል። ብቻውን የመጣ ሕፃን ወይም የተደናገጠች ልጃገረድ ሲያጋጥመውም ለፖሊስ ወይም ለመናኸሪያው ኃላፊዎች ማድረስ ይገባዋል። ወጣት ተማሪዎችም ለመርዳት ብለው ከማያውቁት ሰው ጋር ብቻቸውን ወደማያውቁት ቦታ መሄድ የለባቸውም፤ ማሳየትና አደራ ማስተላለፍ ይበቃል።

ማጠቃለያ

የከተማ ነዋሪ ሁሉ ወይም ራሱ ወይም አባቱ ወይም አያቱ አንድ ቀን እንግዳ ነበረ። አንድ ሰው ስለ አንድ ከተማ የሚኖረው ትዝታ ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው በትልልቁ ሕንፃ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ባነጋገረው ሰው ነው። ያች አሮጊት ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ስለ ከተማው ሲጠየቁ፣ የሚተርኩት ስለ ሐውልቱ ወይም ስለ ሕንፃው አይሆንም፤ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ወዴት ሊሄዱ ነበር?» ስላለቻቸው ልጅ ነው። መንገድ ለማሳየት ሀብት አያስፈልግም፤ ለአንድ አፍታ መቆም፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅና አደራን በሚገባ ማስተላለፍ ይበቃል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. በገጠር መንገድ የማሳየት ወግ በከተማ ከሚታየው በምን ይለያል?
2. የቦታ ስም እንግዳን የሚያሳስትባቸውን ሦስት መንገዶች ከነምሳሌያቸው ግለጹ።
3. «የጠየቁትን መለሰ እንጂ የፈለጉትን አለመጠየቁ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምን ማለት ነው? ወጣቱ ጥፋተኛ ነው ትላላችሁ? ለምን?
4. የሃሪ ቤክ ካርታ ርቀትን በትክክል ሳያሳይ መንገደኛን የጠቀመው እንዴት ነው?
5. እንግዳን የሚረዳ ሰው ምሪቱን በግልጽ ቦታ መስጠት ያለበት ለምንድን ነው?

ለ. ለሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ስጡ፤ ከዚያም ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

ባዳ፣ መገንጠያ፣ ምሪት፣ ባይተዋር፣ ሰዋራ፣ አላፊ አግዳሚ፣ አደራ ማስተላለፍ

ሐ. ከምትኖሩበት ሰፈር ወደ ትምህርት ቤታችሁ ለሚመጣ እንግዳ መንገዱን በስድስት ዓረፍተ ነገሮች አመልክቱ። የጻፋችሁትንም አካባቢውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት፤ መልሶ እንዲነግራችሁም አድርጉ።